ቅንጬያችን እያለ ቆርቆሮ ለምን?



በዚህ ወር የምናነሣው የቁርስን ጉዳይ ነው። በሮቤም ሆነ በጎባ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ የቆመ ሰው ደጋግሞ ከሚሰማቸው ጥያቄዎች አንዱ «ያ የቆርቆሮው አጃ ከየት ይገኛል? ለስኳርና ለኮሌስትሮል ጥሩ ነው ብለውኛል» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የገፉ አባቶችና እናቶች ናቸው፤ ምክሩን የሰጣቸው ደግሞ ከጅዳ ወይም ከአሜሪካ የደወለ ልጃቸው ነው። ልጁ አልዋሸም፤ አጃ ጥሩ ምግብ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ግን ገብስ በጎተራው ያለው የሲናና ገበሬ ከባሕር ማዶ በቆርቆሮ ታሽጎ ለመጣ እህል ገንዘቡን ማውጣቱ ነው። የአንድ ቆርቆሮ አጃ ዋጋ ስንት ኪሎ ገብስ እንደሚገዛ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሮቤ ላይ ራሳችሁ አስሉት።

ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ለጤና ብለው ከሚመርጧቸው የአጃ ዓይነቶች አንዱ የሚሠራው እንዲህ ነው። የአጃው ገለባ ይላጣል፤ ከዚያም ሙሉው ፍሬ በብረት ምላጭ ሁለት ሦስት ቦታ ይቆረጣል፤ በቃ። አይፈጭም፣ አይዳመጥም። ከዚያ በውኃ ተቀቅሎ ለቁርስ ይበላል። ይህን ስታነቡ ምን ትዝ አላችሁ? አዎን፣ ቅንጬ ነው። በሙቀጫ ተፈትጎ በወፍጮ የተሸረከተውን እህል አያቶቻችን ሲያበስሉት የኖሩት በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ እነርሱ ጋ ምላጭ፣ እኛ ጋ ድንጋይ መሆኑ ላይ ብቻ ነው።

በቆርቆሮና በካርቶን የሚመጣው አጃ ግን በአብዛኛው ይህ አይደለም። በእንፋሎት ለስልሶ በብረት መዳመጫ የተጠፈጠፈ ነው፤ በጣም ስስ ሆኖ የተጠፈጠፈው ደግሞ የፈላ ውኃ ብቻ ሲጨመርበት በደቂቃ ይደርሳል። መድረሱ ፈጠነ ማለት ሆድ ውስጥ መፈጨቱም ፈጠነ ማለት ነው። የሥነ ምግብ ባለሙያዎች አንድ ምግብ የደም ስኳርን ምን ያህል በፍጥነት እንደሚያወጣ የሚለኩበት መለኪያ አላቸው፤ ንጹሕ ግሉኮስን 100 ብለው ሌላውን በእርሱ ይመዝናሉ። በዚህ መለኪያ ተቆርጦ ብቻ የተቀቀለ አጃ 55 አካባቢ ይሆናል። ፈጣኑ አጃ 75ን ያልፋል፤ ነጭ ዳቦም 75 አካባቢ ነው። እንግዲህ ዳቦን ሸሽቶ ፈጣኑን አጃ የገዛ የስኳር ሕመምተኛ ብዙም አልሸሸም።

የአጃ ጥቅም የሚመጣው ቤታ ግሉካን ከሚባል በውኃ ከሚሟሟ የአሰር ዓይነት ነው። ቅንጬ ሲበስል ውኃውን የሚያጠብቀውና ማንኪያ ላይ የሚያለፋው እርሱ ነው። ሆድ ውስጥም እንዲሁ ያደርጋል፤ ምግቡ እየተጓተተ ስለሚያልፍ ስኳሩ ቀስ እያለ ወደ ደም ይገባል፣ ረሃብም ይዘገያል። በተጨማሪም ከሐሞት ጋር ተያይዞ ይወጣል። ጉበት የወጣውን ሐሞት ለመተካት ከደም ውስጥ ኮሌስትሮል ይወስዳል፤ በዚህ ምክንያት መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል ከ100 እጅ ከ5 እስከ 7 እጅ ያህል ይቀንሳል። ለዚህ በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ያስፈልጋል፤ ይህም በደረቁ 75 ግራም ገደማ አጃ፣ ማለትም ከግማሽ ኩባያ ትንሽ ያነሰ ሽርክት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቤታ ግሉካን የአጃ ብቻ ሀብት አይደለም። ገብስም በብዛት አለው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1997 የአጃ አምራቾች «ለልብ ጤና ይረዳል» ብለው ማሸጊያው ላይ እንዲጽፉ ፈቀደ፤ ፈቃዱን የጠየቀው ኩዌከር የተባለው የአጃ ኩባንያ ነበር። በ2006 ደግሞ ገብስም በዚሁ ፈቃድ ውስጥ ገባ። የመጀመሪያውን ዜና ዓለም ሁሉ ሰማው፤ ሁለተኛውን ግን ብዙ ሰው አልሰማም። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ አጃን በቆርቆሮ የሚሸጥ ትልቅ ነጋዴ አለ፤ ለገብሳችን ማስታወቂያ የሚያስነግርለት ግን የለም።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት እወቁ፤ አጃ ላይ ቤታ ግሉካኑ የሚበዛው ከፍሬው ውጫዊ ክፍል ነው፤ ገብስ ላይ ግን እስከ መሐል ድረስ ይገኛል። ስለዚህ ገብሱ ጠንከር ተደርጎ ቢፈተግም ጥቅሙ ብዙ አይጠፋም። አጃን ግን ነጭ እስኪሆን አትፈትጉት፤ ገለባው ብቻ ይልቀቅ።

ባሌ የስንዴ አገር ተብላ ትታወቃለች። ከሲናና እስከ አጋርፋና ጋሰራ ያለው ሜዳ በኮምባይነር የሚታጨድ ስንዴ ነው፤ አልሐምዱሊላህ፣ ብዙ ቤተሰብ ከዚህ ተጠቅሟል። ነገር ግን ስንዴው ከማሳ አልፎ ቁርሳችንንም ወረሰው። ዛሬ በከተማው ውስጥ የብዙ ቤት ቁርስ ነጭ ዳቦና በስኳር የወፈረ ሻይ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሁለት ስኒ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ የጠጣ ሰው ሥራ ሳይገባ 24 ግራም ስኳር ወስዷል። ጩኮ፣ ገንፎና ቅንጬ ግን የእንግዳ፣ የአራስና የበዓል ምግብ እየሆኑ ሄዱ። አጃ ደግሞ ይባስ ብሎ ከሰው ምግብነት ወጥቷል፤ በሲናና የግብርና ምርምር ማዕከልም የሚጠናው በመኖ ሰብልነት ነው። የባሌ ፈረስ የሚበላውን እህል ሰዉ በቆርቆሮ እየገዛ ይበላል ብል አትቀየሙኝ። ማሳው ጥግ ላይ ለራሱ ቤት የሚሆን አጃ የሚዘራ ገበሬ ቢኖር ደስ ይለኛል፤ የሌለው ግን ገብሱን ይሸርክት። እኔ ራሴ ምረጪ ብባል የምመርጠው ገብሱን ነው።

ገብስ ለእኛ በሌላም በኩል እንግዳ አይደለም። መድረሳ የተማርን ሁሉ ተልቢናን እናውቃለን፤ ከገብስ ዱቄት ወይም ከነገፈቱ ከተፈጨ ገብስ ተቀቅሎ እንደ ወተት የሚቀጥን፣ አጥሚት የሚመስል ምግብ ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ለታመመ ሰውና ሐዘን ለደረሰበት ቤተሰብ ተልቢና እንዲሠራ ታዝ እንደነበር፣ ይህንንም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰምታ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። በሐዲሱ የተነገረው የታማሚውን ልብ ማሳረፉና ሐዘንን ማቅለሉ ነው። ከዚህ ተነሥቶ «ስኳር በሽታን ይፈውሳል» እያሉ ዱቄት በላስቲክ አሽገው የሚሸጡ ሰዎች ሐዲሱ ያላለውን እያስባሉት ስለሆነ ተጠንቀቁ።

አሠራሩን እንመልከት። ለቅንጬ የሚሆነው ገብስ ገለባው በቀላሉ የሚለቀው ቢሆን ይመረጣል። በመጀመሪያ በሚገባ ይለቀም፤ ደጋ ላይ ሲናር ከእህሉ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚታጨድ መልቀሙ ጊዜ ይወስዳል። ባሌ በዓመት ሁለቴ የሚዘንብበት አገር በመሆኑ እርጥበት ይዞ የተከማቸ እህል ይሻግታል፤ የሻጋታ ሽታ ያለውን ፈጽሞ አትብሉ፣ መታጠቡም ሆነ መታመሱ መርዙን አያጠፋውም። ከዚያ ገብሱ ትንሽ ውኃ ተርከፍክፎበት በሙቀጫ ይፈተግና በሰፌድ ይበጠራል። ደርቆ ወፍጮ ቤት ሲወሰድ «ድንጋዩ ሰፋ ብሎ ይሸርከት» በሏቸው። ቤት ሲመጣ በወንፊት ንፉት፤ ያለፈው ደቃቅ ለአጥሚት፣ የቀረው ለቅንጬ ነው።

አጃ ከሆነ አንድ ነገር ይጨመራል። አጃ ከሌሎች እህሎች ይበልጥ ቅባት አለው፤ ከተሸረከተ በኋላ ሳይታመስ ከተቀመጠ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይመርራል። ፋብሪካዎች ይህን የሚከላከሉት በእንፋሎትና በሙቀት ነው፤ እናቶቻችንም ከመፈተጉ በፊት በምጣድ ለብ አድርገው ሲያምሱት የኖሩት ለዚሁ ነው። መታመሱ ገለባውንም ቶሎ ያስለቅቀዋል። እንዳይጠቁር ብቻ ተጠንቀቁ፤ ሽታው ሲያውድ አውርዱት።

ማብሰሉ ላይ ብዙዎች ይማረራሉ፤ «ወረቀቱ 25 ደቂቃ ይላል፣ እኔ አንድ ሰዓት ጥጄው አልበሰለም» ይላሉ። ጥፋቱ የእህሉ አይደለም። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጎባ ደግሞ ወደ 2,700 ሜትር ትጠጋለች። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ ቶሎ ይፈላል፤ ጅዳ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ሮቤ ላይ በ92፣ ጎባ ላይ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከዚያ በላይ እሳት ብትጨምሩ ውኃው ተንኖ ያልቃል እንጂ አይሞቅም። ስለዚህ ማሰሮው ሥር እንጨት ከመቆለል ይልቅ ሽርክቱን ማታ ዘፍዝፋችሁ እደሩ።

ለአራት ሰው አንድ ኩባያ ተኩል ሽርክት ታጥቦ ይዘፈዘፋል። ጠዋት የተዘፈዘፈበት ውኃ ይደፋና ስድስት ኩባያ ያህል ውኃ ተፈልቶ፣ ትንሽ አዮዲን ያለው ጨው ተጨምሮበት፣ ሽርክቱ እየተማሰለ ይገባል። አንዴ ከተንተከተከ እሳቱን ቀንሱና ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት። አጃው ከ30 እስከ 40 ደቂቃ፣ ገብሱ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ወተት የምትጨምሩ ከሆነ መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ከመጀመሪያው ከገባ ያርራል፣ ይገነፍላል። ፍሬው ለስልሶ ግን ጥርስ ላይ የሚሰማ ሲሆን ደርሷል። ፕሬሸር ኩከር ያላችሁ በእርግጥ ትገላገላላችሁ፤ ነገር ግን አጃም ገብስም አረፋቸው የእንፋሎቱን ቀዳዳ ስለሚደፍን ከሲሶው በላይ አትሙሉት። ከሰል ለሚቆጥብ ቤት ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ፤ አፈ ሰፊ ፔርሙስ በፈላ ውኃ ይሞቅና ይደፋል፣ ለአምስት ደቂቃ የተንተከተከ የአጃ ሽርክት ከነውኃው ይገባበታል፣ ተከድኖ ያድራል። ለሱሑር የሚነሣ ሰው ሌሊት እሳት ማንደድ ሳያስፈልገው ትኩስ ቅንጬ ያገኛል።

ቅቤውን በሚመለከት የምለውን የማይወዱልኝ ብዙዎች ናቸው። ንጥር ቅቤ የሚዋኝበት ቅንጬ ለእንግዳ ክብር ነው፤ ኮሌስትሮል አለብህ ለተባለ ሰው ግን አጃው በአንድ በኩል የሚያወርደውን ቅቤው በሌላ በኩል ይመልሰዋል። ለአንድ ሰው አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ ወይም በጥቂት ዘይት የተቁላላ ሽንኩርትና ቃሪያ ይጣልበት። ኮረሪማ ጣል ቢደረግበት የቅቤው መቅረት አይታወቅም። የሐረና ማር የተመሰገነ ነው፤ የስኳር ሕመምተኛ ግን ማርም ስኳር መሆኑን አይርሳ።

ቅንጬ ያልለመደ ሆድ በመጀመሪያ ሊነፋ ስለሚችል በትንሹ ጀምራችሁ ውኃ እየጠጣችሁ ጨምሩ። ስንዴና ገብስ ለሆዱ የማይስማማው መሆኑ በሐኪም የተረጋገጠለት ሰው የገብስ ቅንጬ ይቅርበት፤ ከስንዴ ጋር ተወቅቶ የተቀላቀለ አጃም እንዲሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ቁርሱን አስተካከልኩ ብሎ ኪኒኑን የሚያቋርጥ ሰው ነው። 5 እጅ፣ 7 እጅ መቀነስ ለጤነኛ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ በሐኪም የታዘዘን መድኃኒት ግን አይተካም። በተለይ ኢንሱሊን የሚወጉና ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ሰዎች ከዳቦ ወደ ቅንጬ ሲዞሩ ስኳራቸውን ቶሎ ቶሎ ያስለኩ፤ መጠኑን መቀነስ ካስፈለገ በክትትል ካርዳቸው ላይ ሐኪሙ ይቀንስላቸዋል። ረመዳን ከመግባቱ አስቀድሞም መጾም መቻል አለመቻላቸውን ይጠይቁ፤ በጾም ሰዓት ስኳሩ ከ70 በታች የወረደበት ሰው ወዲያውኑ ማፍጠር አለበት።

ያልበው፣ የሚያንቀጠቅጠውና የሚያዞረው ሰው ቤታችሁ ካለ ቅንጬ አታቅርቡለት። ቀስ ብሎ መፈጨቱ ያን ሰዓት ጉዳት ነው። ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ወይም ማር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጡት፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ካልተሻለው ድገሙት፤ ሲሻለው ያን ጊዜ ቅንጬው ይምጣ። ራሱን የሳተ ከሆነ በአፉ ምንም ሳትሰጡ ወደ ሆስፒታል አድርሱት።

ለነፍሰ ጡር እህቶች፦ የደም ማነስ ኪኒናችሁን ከቅንጬው፣ ከሻዩና ከቡናው ጋር አትውሰዱት፤ ሁለት ሰዓት ያህል ይራቅ። የእንቅርት ኪኒን፣ ሌቮታይሮክሲን የሚባለውን የምትወስዱ ደግሞ ጠዋት በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ዋጡትና ቁርሱን ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል ከአንድ ሰዓት በኋላ ብሉ።