ክራሩ ኤሌክትሪክ ቢሆን ምን አለበት?

እኛ ዱርቤቴ ሠርግ ሲሆን ክራር ተጫዋች ከኪቦርዱና ከትልቁ ስፒከር አጠገብ ቢቀመጥ ማን ይሰማዋል? «ኤሌክትሪክ ከገባበት ክራርነቱ ቀረ» የሚሉ ወገኖች አሉ። እኔ ግን አልስማማም። ትዝታና ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ያሉት በክሩ አቃኛኘት ነው፤ ማጉያ ቅኝት አይለውጥም። ክራር የሚጠፋው ሽቦ ሲገባበት ሳይሆን ሰሚ ሲያጣ ነው።

ደግሞም ሥራው ያን ያህል ከባድ አይደለም። የጊታር ፒክአፕ ማለት ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔት ነው። የብረት ክር አጠገቡ ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ፋራዳይ በ1831 እ.ኤ.አ. ያገኘውን ይህን ሕግ ሁላችንም ለፈተና ሸምድደነዋል! ክሩ ናይለን ወይም ጅማት ከሆነ ግን ማግኔት አይሠራም። ያኔ ከተበላሸ የሚጮህ ሰዓት ውስጥ የምትወጣውን ፒዞ የምትባል ስስ ክብ ነገር፣ ክሮቹ ከሚያርፉበት ብርኩማ አጠገብ ቆዳው ላይ መለጠፍ ነው። ድምፁ ከቀጠነ ትንሽ ፕሪአምፕ ይጨመርለታል። ሲያሻን ነቅለን ለቡና ሰዓት እንደድሮው እንጫወትበታለን።

እንግሊዛዊው ብራያን ሜይ በ1963 እ.ኤ.አ. ከአባቱ ጋር ቤት ውስጥ ጊታር መሥራት ጀመረ፤ አንገቱን ያወጡት ከአሮጌ የእሳት ምድጃ እንጨት ነው። በኋላም ፊዚክስ ተማረ፤ ጊታሩንም ከኩዊን ባንድ ጋር በዓለም መድረክ ተጫወተበት። ለንደን ላይ የተቋቋመው የነተመስገን ዘለቀ ክራር ኮሌክቲቭም ኤሌክትሪክ ክራርን ለውጭ አድማጭ አሰምቷል።

እኛስ? ዋንዛውም ቆዳውም እዚሁ አለ። ክፍላችን ቅዳሜ ከሰዓት ላብራቶሪውንና ብየዳ ካውያውን ቢፈቅድልን፣ የሸመደድነውን በጆሯችን እንሰማው ነበር።