ጠላት ሳይቀድመን ቅጥራችንን እንመርምር

ነህምያ የፈረሰውን የኢየሩሳሌምን ቅጥር ለመሥራት በመጣ ጊዜ፥ አስቀድሞ ድንጋይ አላስፈለጠም፤ አናጢም አልጠራም። የንጉሡን ደብዳቤ ይዞ ነበርና፥ በሌሊት ተነሥቶ ከጥቂት ሰዎች ጋር ቅጥሩን ዞረ፤ የፈረሰው የት እንደ ሆነ፥ በእሳት የተቃጠለውም በር የትኛው እንደ ሆነ በዐይኑ ተመለከተ። ሥራው የተጀመረው ከዚህ ምርመራ በኋላ ነው። ይህን ታሪክ ካህናቶቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ እኛ ዛሬ ያነሣነው ግን ለዘመናችን ስለሚያስፈልገው ስለ ሌላው ቅጥር ለመናገር ነው።

በጣና ደሴቶች ላይ፥ በክብራን ገብርኤልና በዳጋ እስጢፋኖስ፥ አባቶቻችን መጻሕፍትንና ንዋያተ ቅድሳትን ለብዙ ዘመን ጠብቀው ያቆዩልን ውሃው ስለ ከበባቸው ብቻ አይደለም፤ ዕቃ ቤቱን የሚጠብቅ፥ የገባውንና የወጣውን የሚቈጥር ታማኝ ሰው ስለ ነበረ ነው። የጣናም ባለታንኳ ደንገሉ ውሃ መጥጦ እንዳይከብድበት ታንኳውን ወደ ዳር አውጥቶ ያደርቀዋል እንጂ፥ ትናንት ተንሳፍፎ ነበርና ዛሬም ይንሳፈፋል ብሎ አይተማመንም።

አሁን ግን የሕዝብ ሀብት በሣጥንና በመዝገብ ብቻ የሚቀመጥ አይደለም። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር አማካይነት ገንዘብ በስልክ ይተላለፋል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 በቆመው የዲጂታል መታወቂያ የሰው ስምና የጣቱ አሻራ በኮምፒዩተር ይመዘገባል። የብራና መጻሕፍታችንም ሥዕላቸው እየተነሣ በኮምፒዩተር መቀመጥ ጀምሯል። እንግዲህ ዕቃ ቤቱ ወደዚህ ከተዛወረ፥ የዕቃ ቤት ጠባቂነቱም አብሮ ሊዛወር ይገባዋል።

ለዚህ ለአዲሱ ቅጥር መመርመሪያ ከሆኑት መሣሪያዎች አንዱና የታወቀው ካሊ ሊኑክስ የሚባለው ነው። ሊኑክስ የፊንላንዱ ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1983 ዓ.ም. የጀመረው፥ ኮምፒዩተርን የሚያዝዝና የሚያስተዳድር ሥርዓት ሲሆን፥ የተጻፈበት ምንጭ ለሁሉ የተገለጠ ነው፤ ማንም ሊያነብበው፥ ሊያርመውና ለሌላው ሊሰጠው ይችላል። ካሊ በዚህ ላይ ተመሥርቶ ኦፌንሲቭ ሴኩሪቲ በተባለ ኩባንያ በመጋቢት 2005 ዓ.ም. ወጣ። በውስጡ ብዙ መቶ የመመርመሪያ ፕሮግራሞች ተሰብስበዋል። ኤንማፕ የተባለው የትኛው በር ክፍት እንደ ሆነ ይናገራል፤ ጆን ዘ ሪፐር የይለፍ ቃሉ ደካማ መሆኑን እየሞከረ ያሳያል፤ ዋየርሻርክ ደግሞ በመረብ ላይ የሚተላለፈው ቃል ሳይመሠጠር የሚሄድ እንደ ሆነ ይገልጣል። ዋጋም አይከፈልበትም፤ በትንሽ ፍላሽ ላይ ተጭኖ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ድህነት ለቸልተኝነታችን ምክንያት ሊሆነን አይችልም።

አንዳንድ ሰዎች ግን «ይህ የሌባ መሣሪያ አይደለምን? ለወጣቶች ማስተማርስ ቤታችንን ማስዘረፍ አይሆንምን?» ይሉናል። ሥጋታቸው ከንቱ ነው አንልም፤ በር የሚመረምረው መሣሪያ በር ለመስበርም ያገለግላልና። ነገር ግን ሌባው መሣሪያውን ከእኛ ፈቃድ አይጠብቅም፤ አስቀድሞ በእጁ አለ። እኛ ብንከለክለው የምንከለክለው ጠባቂውን ብቻ ነው።

ዓባይ ከጣና ወጥቶ በባሕር ዳር ያልፋል። ስለዚሁ ወንዝ ግድብ ክርክሩ በጠነከረበት በሰኔ 2012 ዓ.ም.፥ ሳይበር ሆረስን የመሰሉ በግብጽ ያሉ ቡድኖች በመንግሥት ድረ ገጾች ላይ ጥቃት ለማድረስ መሞከራቸውን የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፥ የአሁኑ አስተዳደር፥ አስታውቆ ነበር። የዛሬ ጠላት ድንበር ሳይሻገር በር ላይ እንደሚደርስ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ጉዳት ግን ከጠላት ብቻ አይመጣም። በመጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ነገር ከሁላችን ልብ አልጠፋም። ባንኩ ራሱ እንደ ገለጸው፥ ነገሩ ከውጭ የመጣ ጥቃት ሳይሆን በውስጥ አሠራር የተፈጠረ ጉድለት ነበር፤ ሆኖም በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ከ800 ሚሊዮን ብር የሚበልጥ ገንዘብ ያለ አግባብ ተንቀሳቀሰ። ካሊ ያን ሌሊት ያድን ነበር አንልም። ነገር ግን አንድ ሥራ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት ተደጋግሞ መፈተን እንዳለበት ከዚህ የሚበልጥ አስተማሪ አይገኝም።

በዚያው ወር ሌላ ነገር ሆነ። ኤክስ ዜድ በተባለ፥ በብዙ የሊኑክስ ዐይነቶች ውስጥ በሚገኝ ፕሮግራም ላይ፥ ለዓመታት እምነት ሲያተርፍ የቆየ አንድ ሠራተኛ ስውር በር አበጀ። ካሊም ራሱ ከመጋቢት 17 እስከ 20 ቀን ድረስ በዚህ ተነክቶ ነበር። ነገር ግን አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ባለሟያ ኮምፒዩተሩ ከልማዱ በግማሽ ሰኮንድ ያህል መዘግየቱን አይቶ ምክንያቱን መረመረ፤ ምንጩ የተገለጠ ስለ ነበረም ተንኰሉን አግኝቶ ለዓለም አስታወቀ። የካሊ ሠሪዎችም ነውሩን ሳይሸሽጉ ተጠቃሚዎቻቸውን ወዲያው አስጠነቀቁ። የተገለጠ ነገር ከስሕተት ነጻ አይደለም፤ ስሕተቱ ግን ቶሎ ይታያል፤ ቶሎም ይታረማል።

ሕጋችንም ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ ወደ ሌላው ኮምፒዩተር የሚገባውን ይቀጣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰውን መረጃ የሚይዝ ሁሉ እንዲጠብቀው ያዝዛል። እንግዲህ በጠባቂውና በሌባው መካከል ያለው ልዩነት በመሣሪያው ሳይሆን በፈቃዱ ነው። ነህምያም በሌሊት የዞረው የንጉሡ ደብዳቤ በእጁ ሳለ ነበር።

በባሕር ዳር ይህን ሥራ የሚችል ወጣት አይታጣም። በ1955 ዓ.ም. በፖሊቴክኒክ ተቋም የተጀመረው ትምህርት ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሰፍቶ ይገኛል። ስለዚህ የየመሥሪያ ቤቱን ሹማምንት የምንለምናቸው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ አዲስ የኮምፒዩተር ሥራ ለሕዝብ ከመክፈታቸው በፊት፥ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ፥ ምን እንደሚመረመር፥ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደ ሆነና ውጤቱን ማን እንደሚቀበል ለይተው በጽሑፍ ፈቃድ ይስጡ። ሁለተኛ፥ ሥራውን ሲያከናውን ሳለ ሳያስበው የቅጥሩን ስንጥቅ አይቶ በቅንነት የሚያስታውቅ ሰው እንደ ወንጀለኛ ሳይታይ የሚደመጥበት፥ ስሙ የታወቀ አንድ ተቀባይ ሹም ይሰይሙ። ሦስተኛ፥ መሣሪያው በሚሰጥበት ትምህርት ቤት ሕጉና ግብረ ገቡ አብሮ ይሰጥ። ወጣቶችም ይህን ይወቁ፤ ያለ ፈቃድ የገባ ሰው ልቡ ቅን ቢሆንም እንኳ ከሕግ አያመልጥም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ገንዘብም ዕውቀትም አይደለም፤ ኀፍረት ነው። «ቤትህ ተሰንጥቋል» የሚል ጽሑፍ በጠረጴዛው ላይ ሲቀርብለት፥ ጽሑፉን በመሳቢያ ውስጥ ቈልፎ የሚያስቀምጥ ሹም አለ። እንዲህ ያለው ሰው ስንጥቁን አልደፈነም፤ የደበቀው ከሚጠግነው ሰው እንጂ ከሚሰርቀው አይደለም። ጕድለቱን አውቆ ያረመ ሹም ሊመሰገን ይገባዋል እንጂ ሊነቀፍ አይገባውም፤ ይህንም የበላዮቹ አስቀድመው ቢነግሩት ኀፍረቱ ይቀልለታል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፥ ጊዜው ሳያልፍ እንነሣ። የሕዝቡ ስምና ገንዘብ በአደራ ተሰጥቶናል፤ አደራም የሚጠየቅበት ቀን አለው። ቅጥራችንን በገዛ እጃችን፥ በፈቃድና በሥርዓት እንመርምር፤ የፈረሰውንም ሳናፍር እንሥራ። እግዚአብሔር ይርዳን።