ከሰማይ ለወረደው ሙገሳ፣ ለባለአገሩ ጥይት

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሚተርኩ መጻሕፍትና ፊልሞች ውስጥ አየር ወለድ ወታደር ልዩ ክብር አለው። ደፋር ነው፤ ከሰማይ ዘሎ በጠላት መካከል ይወርዳል። ጀርመኖች የግሪክን ደሴት ቀርጤስን የወረሩበት ታሪክ ሲነሣም የሚደመጠው ይኸው ሙገሳ ነው። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ ለመሆኑ የወረዱት በማን ማሳ ላይ ነበር?

ነገሩ እንዲህ ነው። ግንቦት 12 ቀን 1933 ዓ.ም ማለዳ የጄኔራል ኩርት ሽቱደንት ወታደሮች በፓራሹትና ሞተር በሌላቸው ተንሸራታች አውሮፕላኖች ቀርጤስ ላይ ወረዱ። ዓላማቸው የአውሮፕላን ማረፊያዎቹን መያዝ ነበር። አብዛኛው ወታደር ሲዘል የታጠቀው ሽጉጥና የእጅ ቦምብ ነው፤ ጠመንጃውና መትረየሱ በሣጥን ታሽጎ ለብቻው ይወርዳል። ብዙዎቹ ሣጥኑ ጋ ሳይደርሱ አለቁ። የጠበቋቸው የእንግሊዝ፣ የአውስትራሊያ፣ የኒውዚላንድና የግሪክ ወታደሮች ብቻ አልነበሩም። ገበሬው አሮጌ የአደን ጠመንጃውን፣ መጥረቢያውን፣ ዱላውን ይዞ ወጣ። ሴቱም ሽማግሌውም ወጣ። የሆነ ሆኖ በማግስቱ የማሌሜ ማረፊያ በጀርመኖች እጅ ገባ፤ ተጨማሪ ጦር በአውሮፕላን ጎረፈ፤ ግንቦት 24 ቀን ውጊያው አበቃ።

ብዕሬን ያስነሣኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሽቱደንት ግንቦት 23 ቀን የበቀል ትእዛዝ አወጣ። ግንቦት 25 ቀን ኮንዶማሪ በምትባል መንደር ወንዶቹ ከወይራ ዛፎች ሥር ተረሸኑ፤ አብሮ የነበረ የጀርመን ጦር ፎቶግራፍ አንሺ ግፉን በፊልም አስቀርቶታል። በማግስቱ ካንዳኖስ ነደደች። ዳግመኛ እንዳትሠራ የሚል ሰሌዳም ተተከለባት።

ሰበቡ ምን ነበር? «ሰላማዊ ሰው ጦር መዘዘብን» የሚል ነው። ዛሬም «ገበሬው እጁን ባያስገባ ኖሮ ማን ይነካው ነበር?» የሚሉ አይጠፉም። ለእነዚህ መልሱ ጀርመን ራሷ በፈረመችው፣ እ.ኤ.አ. በ1907 በወጣው የሄግ ደንብ ውስጥ ይገኛል። ጠላት ገና ባልያዘው አገር የሚኖር ሕዝብ፣ ለመደራጀት ጊዜ ሳያገኝ፣ መሣሪያውን በግልጽ ይዞና የጦርነትን ሕግ አክብሮ ወራሪን ቢገጥም ተዋጊ ነው ይላል፤ ወንበዴ አይደለም። ጥቂቶች ለሠሩት ሕዝብን በጅምላ መቅጣትንም ይከለክላል። «የጀርመኖች ሬሳ ተቆራርጧል» ይሉናል። ቢሆንስ? ያደረገው ሰው ለፍርድ ይቀርባል እንጂ መንደር ይቃጠላል?

ይህ ሰበብ ለእኛ አዲስ አይደለም። ፋሺስት ኢጣልያ አርበኛውን ሽፍታ ይለው ነበር፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በግራዚያኒ ላይ ለተጣለው ቦምብም የአዲስ አበባን ሕዝብ ፈጅቷል።

ሽቱደንት ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1938 ዓ.ም፣ በእንግሊዝ የጦር ፍርድ ቤት ቆመ። የተከሰሰው ግን በጦር ምርኮኞች ላይ በደረሰው በደል ነበር፤ የተፈረደበት የአምስት ዓመት እስራትም አልጸናም። የካንዳኖስን አመድ የጠየቀው የለም።

የወረደው ወታደር ደፋር ነበር? ይሁን። ነገር ግን ሌሊት ቤት የሚሰብር ሌባም ድፍረት አያንሰውም። ቤት ሰባሪውን ጀግና፣ ደጁን የጠበቀውን ነፍሰ ገዳይ የሚል ታሪክ ሲነበብልን ዝም ብለን ካጨበጨብን፣ የካቲት 12ን በየዓመቱ የምናስበው ለምንድነው?