በየዘጠና ቀኑ እንግዳ

ታይላንድ ውስጥ ነጭ ሰው «ፋራንግ» ይባላል። ከእኛው «ፈረንጅ» ጋር የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ፍራንክ ከተባሉት የጥንት አውሮፓውያን ስም ተነሥተው በፋርስና በዓረብ ነጋዴዎች አፍ ባሕር የተሻገሩ ቃላት ናቸው። ከህንድ ወይም ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጣውን ደግሞ «ኻኤክ» ይሉታል። ትርጉሙ «እንግዳ» ነው። አፍሪካዊውን አንዳንዱ ሰው «ጥቁር ፋራንግ» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ሌላውን ፈረንጅ ሲል ለኖረ ኢትዮጵያዊ ይህን ስም በባንኮክ ጎዳና መስማት ነገሩን ከወዲያኛው ወገን ሆኖ ማየት ነው።

በታይ ከተማ የሚኖር የውጭ ሰው አምስት ዓመትም ይኑር ሃያ፣ እንግዳ መባሉ አይቀርለትም። አንዱ ወገን ይህን እንደ ጸጋ ይቆጥረዋል፤ ኑሮው ቀላል፣ ሰዉ ጨዋ፣ ማንም በማንም ጉዳይ አይገባም፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ ይላል። ሌላው ወገን፣ ብዙ ጊዜ ረጅም ዓመት የቆየው፣ እንግድነቱ ራሱ ታክቶታል። ሁለቱም የሚናገሩት የኖሩትን ስለሆነ አንዱን ሰምቶ ሌላውን መተው አይገባም።

የመጀመሪያው ወገን ማስረጃ የዕለት ኑሮው ነው። ሶይ የሚሉት፣ ከአውራ ጎዳናው ወደ ውስጥ የሚገባው ቅያስ፣ ገና ሳይነጋ ይነቃል። መነኮሳት ባዶ እግራቸውን የምጽዋት ዕቃቸውን ታቅፈው ያልፋሉ፤ ከሰል ላይ በእንጨት የተሰካ ሥጋ ይጠበሳል፤ የቅያሱ አፍ ላይ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ የሞተር ታክሲ ነጂዎች ተራ ይጠብቃሉ። አንድ ጎድጓዳ የኑድል ሾርባ በ60 ባት ገደማ ይገኛል። ከመንገዱ በላይ የሚሄደው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1999፣ የምድር ውስጡ በ2004 ሥራ ጀምረዋል፤ የትራፊክ መጨናነቁን ባያጠፉትም ለቸኮለ ሰው መውጫ ሰጥተውታል። ሕክምናውን ብዙ ኢትዮጵያዊ ያውቀዋል፤ ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ ወደ ባንኮክ ከሚሄዱት መካከል ለመታከም የሚሄዱ አሉ፣ ናና በሚባለው ሰፈር የዓረብኛ ማስታወቂያ በተደረደረበት መንገድ እንጀራ ፈልጎ ማግኘትም ይቻላል።

ለእኛ ሰው ደግሞ አውሮፓዊው የማያገኘው አንድ ቅርበት አለ። ታይኛ የማያውቁትን ሰው በዘመድ ስም ይጠራል። በዕድሜ የሚበልጠው «ፒ» ነው፣ የሚያንሰው «ኖንግ»፣ እናትን በዕድሜ የምትበልጥ ሴት «ፓ» ትባላለች። ጋሼና እትዬ እያለ ላደገ ሰው ይህ ከቋንቋ ትምህርት አይቆጠርም። ኑድል ሻጯ «ኪን ካኦ ሩ ያንግ?» ስትለው ቃል በቃል «ሩዝ በልተሃል ወይ?» ማለቷ ነው፤ እነሱ መብላትን በሩዝ ይጠሩታል፣ እኛ በእንጀራ። ሰዓታቸውም ማታ ማታ ከእኛ ጋር ይገጥማል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ «ኑንግ ቱም» ሲሉ አንድ ሰዓት፣ «ሶንግ ቱም» ሲሉ ሁለት ሰዓት ነው፤ ፈረንጁ ሰባትና ስምንት እያለ ሲያሰላ ኢትዮጵያዊው ሳያስብ ይደርሳል። ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ያራርቀናል። እኛ 2017 ያልነውን ዓመት እነሱ 2568 ይሉታል።

የከተማውን ጠባይ በአንድ ጉዞ ማየት የፈለገ በሴንሴፕ ቦይ ጀልባ ይሳፈር። ቦዩ በንጉሥ ራማ ሦስተኛ ዘመን የተቆፈረ ነው፤ ዛሬ ውኃው ጥቁር ነው፣ ይሸታል። ጀልባው ረጅምና ጠባብ ነው፣ ግራና ቀኙ በፕላስቲክ ሸራ የተጋረደ። ሌላ ጀልባ በፍጥነት ሲያልፍ ውኃው ይረጫል፤ ያን ጊዜ ጠርዝ ላይ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ገመድ ስበው ሸራውን ከፍ ያደርጉታል፣ ጣቢያ ሲደርሱ ሰው እንዲገባ ይለቁታል። ይህን የሚያደርግ ሠራተኛ የለም፤ ጠርዝ ላይ የተቀመጠው ሰው ድርሻ ነው። አዲስ የመጣ እንግዳ ዕይታ ፍለጋ ጠርዙ ላይ ይቀመጥና እጁን አጣጥፎ አጠገቡ ያለችውን ባለ ዩኒፎርም ተማሪ ያስረጫታል። እሷ ምንም አትለውም፤ በላዩ ተንጠራርታ ገመዱን ትስባለች። በሳምንቱ እሱ ራሱ ይስባል። ማንም አያመሰግነውም፣ ማንም ዞሮ አያየውም። የቤተኛነት ስሜት በባንኮክ ሲገኝ እንዲህ ባለ ቦታ ይመስለኛል የሚገኘው።

ገመድ መሳብ ግን ፓስፖርት ላይ አይጻፍም። የዓመት ቪዛ ያለው ነዋሪ በየ90 ቀኑ አድራሻውን ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት፤ ቀኑን ካሳለፈ 2,000 ባት ይቀጣል። አከራዩ የውጭ ሰው ቤቱ ባደረ በ24 ሰዓት ውስጥ ማስታወቅ ግዴታው ነው። ነዋሪው ለለቅሶም ሆነ ለሠርግ ከአገር ሲወጣ አስቀድሞ በ1,000 ባት የመመለሻ ፈቃድ ካላወጣ የዓመት ቪዛው ከድንበሩ ሳያልፍ ይሞታል። ዕድሜው 50 የሞላ ጡረተኛ 800,000 ባት በባንክ ወይም በወር 65,000 ባት ገቢ ማሳየት አለበት። መሬት በስሙ መግዛት አይችልም፤ ኮንዶሚኒየም ከገዛም ሕጉ ከሕንፃው ስፋት ለውጭ ሰው የፈቀደው 49 በመቶውን ብቻ ነው። ፀጉር መቁረጥ፣ አስጎብኚነት፣ የመንገድ ላይ ንግድ ለዜጎች የተጠበቁ ሥራዎች ናቸው። ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ደግሞ በዓመት ከአንድ አገር ዜጎች ከ100 ሰው በላይ አይሰጥም።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው አገሩ እንግዳ ጠል ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። ታሪኩን ማየት ግን ይገባል። ያኔ ሲያም ትባል የነበረችው አገር እ.ኤ.አ. በ1855 ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረመችው የባውሪንግ ስምምነት በግዛቷ የሚኖር እንግሊዛዊ በቆንስሉ እንጂ በሲያም ዳኛ ፊት እንዳይቆም ለመፍቀድ ተገደደች፤ ሌሎች ኃያላንም ተከታትለው ያንኑ መብት ወሰዱ። ይህ ቀንበር ጨርሶ የተነሣው በ1930ዎቹ ነው። እኛም እናውቀዋለን፤ ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1908 ከፈረንሳይ ጋር በተፈራረሙት የክሎቡኮቭስኪ ውል የውጭ ዜጎች ከአገሩ ዳኝነት ውጪ የመዳኘት መብት አግኝተው ነበር። ከአካባቢዋ ሁሉ ብቻዋን ቅኝ ሳትገዛ የቀረችው ታይላንድ የመሬቷንና የበሯን ቁልፍ ከእጇ አለመልቀቋ ምክንያት አለው። የመሬቱን ሕግ ልክ ነው እላለሁ። የውጭ ገንዘብ እንደ ልቡ መሬት ቢገዛ የባሕር ዳርቻው ዓሣ አጥማጅና የቅያሱ ኑድል ሻጭ የት ይገቡ ነበር?

የዘጠናው ቀን ግን ሌላ ነው። ሃያ ዓመት አንድ ቤት የኖረ ሰው በዓመት አራት ጊዜ «እዚያው ነኝ» ማለቱ መንግሥትን ምንም አዲስ ነገር አያሳውቀውም። አሁን በኢንተርኔት ማሳወቅ መቻሉ ድካሙን ቀንሶታል፣ ትርጉሙን ግን አልቀየረም። ትርጉሙም አንድ ነው፤ ገና አልገባህም የሚል።

ሁለት ዋጋ የሚባለው ቅሬታ ግን ከሁሉ ያነሰ ሚዛን አለው። በብሔራዊ ፓርኮች መግቢያ የውጭ ሰው ከዜጋው ብዙ እጥፍ ይከፍላል፤ አንዳንድ ቦታ የዜጋው ዋጋ እንግዳው በማያነበው በታይ አኃዝ ይጻፋል። ይህ መሸሸጉ ያስቀይማል። ዋጋው መለያየቱን ግን የላሊበላን ቤተ ክርስቲያናት ለማየት ከውጭ ሰው 50 ዶላር ስትቀበል የነበረች አገር ልጅ ቢከስስበት አያምርበትም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ማን ነው? የባንኮክ የውጭ ነዋሪ ሲባል ሰው የሚያስበው ጡረተኛውን ጀርመናዊ ወይም ላፕቶፕ ይዞ ካፌ የተቀመጠውን ወጣት ነው። አብዛኛው የውጭ ነዋሪ ግን እሱ አይደለም። ከምያንማር፣ ከካምቦዲያና ከላኦስ የመጡ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሠራተኞች ናቸው። ሕንፃውን የሚገነቡት፣ በሳሙት ሳኮን ሽሪምፕ የሚልጡት፣ በምግብ ቤቱ ጓዳ ሳህን የሚያጥቡት እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የባንኮክ ዝቅተኛ የቀን ደመወዝ 363 ባት ነበር። በወር 26 ቀን የሠራ ሰው 9,400 ባት ገደማ ያገኝ ነበር፤ ከጡረተኛው የሚጠየቀው የወር ገቢ የዚህን ሰባት እጥፍ ይጠጋ ነበር። ፋራንጉ ርካሽ ነው የሚለው ኑሮ ርካሽ የሆነው በከፊል በእነዚህ ሰዎች ጉልበት ነው።

የእነሱ እንግድነት ከእሱ እንግድነት ጋር ስሙ ብቻ ነው አንድ የሚሆነው። ፈቃዳቸው ከአሠሪ ጋር የተያያዘ ነው፣ አሠሪ ለመቀየር ሕጉ በር ቢከፍትም በሩ ጠባብ ነው። በሪያድና በቤይሩት የሠሩ እህቶቻችን ይህን ሲሰሙ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። በሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ኮሮና ሲበረታ፣ የባንኮክ የግንባታ ሠራተኞች የሚያድሩባቸው የቆርቆሮ ካምፖች ተዘግተው ነዋሪዎቹ እንዳይወጡ ተደርጎ ነበር፤ ያን ጊዜ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የነበረው የውጭ ሰው ምግቡን በሞተር እያስመጣ ቤቱ ተቀመጠ። እንግድነት ጸጋ ነው የሚለውን ወገን ሳደምጥ ይህ ትዝ ይለኛል። ጸጋው እውነት ነው፣ ግን ገንዘብ ያለው እንግዳ ጸጋ ነው።

በሌላ በኩል፣ ስለ ታዮች ፈገግታ የሚነገረውን ክስ አልቀበለውም። ብዙ ምዕራባዊ ነዋሪ ታዮች ፊት ለፊት አይናገሩም፣ እሺ ብለው ይቀራሉ ብሎ ያማርራል። እነሱ «ክሬንግ ጃይ» የሚሉት ነገር አለ፤ ሌላውን ላለማስቸገር፣ ፊት ላለማሳፈር ራስን መያዝ ነው። እንግሊዝኛ ይህን ለመግለጽ አንድ ገጽ ይፈጅበታል። አማርኛ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል፤ ይሉኝታ። ይሉኝታ የሚያውቅ ሰው «እናያለን» የሚለው መልስ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፣ አይቀየምም። ይሉኝታ ግን ሸክምም ነው። ጎረቤት ቅር ሲለው ካልነገረህ ለዓመታት ሳታውቅ ስታስቀይመው ትኖራለህ።

ዝምታው ከጨዋነት አልፎ ሕግ የሚሆንበት ቦታም አለ። ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ብሔራዊ መዝሙሩ በድምፅ ማጉያ ሲለቀቅ በሉምፒኒ መናፈሻ የሚሮጠው ሰው ሁሉ እግሩን ሰብስቦ ይቆማል፤ ሲያበቃ ሩጫው ካቆመበት ይቀጥላል። ይህ ያምራል፣ እንግዳውም አብሮ ቢቆም አይጎዳም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 112 ግን ንጉሡን፣ ንግሥቲቱን፣ አልጋ ወራሹን ወይም እንደራሴውን የተሳደበ ወይም ስማቸውን ያጎደፈ በእያንዳንዱ ጥፋት ከ3 እስከ 15 ዓመት እንዲታሰር ይደነግጋል፤ የውጭ ዜጋም ነፃ አይደለም። ነዋሪው ከጓደኞቹ ጋር ስለ አገሩ ፖለቲካ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ይለምዳል። ይህ ግን እንግዳውንና ዜጋውን እኩል የሚነካ ስለሆነ የእንግድነት ክስ ላይ መደመር ያለበት አይመስለኝም።

ነገሩን ሁሉ ስመዝነው፣ በራሱ ፈቃድ፣ አዋቂ ሆኖ፣ መመለሻ አገር እያለው ለመጣ ሰው ውሉ ግልጽ ነው እላለሁ። ታይላንድ ቤተኛ አደርግሃለሁ ብላ አልጠራችውም። በሰላም ኑር፣ ክፈል፣ አስታውቅ፣ አለች፤ የገባችውንም ትፈጽማለች። ሚዛኑ የሚያዘነብልብኝ እዚያ የተወለደው ልጅ ዘንድ ስደርስ ነው፤ እሱ ምንም ውል አልፈረመም። በጊዜያዊ ቪዛ ከሚኖሩ የውጭ ወላጆች ታይ ምድር ላይ መወለድ ዜግነት አያሰጥም። የመንግሥቱን በጎ ሥራ ላለመደበቅ ያህል፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ወረቀት የሌለው ልጅ እንኳ ትምህርት ቤት እንዲገባ ተፈቅዷል። ስለዚህ ልጁ ይማራል። ጠዋት ጠዋት ሰንደቅ ዓላማው ሲወጣ ተሰልፎ መዝሙሩን ይዘምራል፣ ታናናሾቹን «ኖንግ» ይላል፣ እነሱም «ፒ» ይሉታል። አባቱ አሥር ዓመት ኖሮ ያልገራለትን አምስቱን የድምፅ ቃና ልጁ አፍ ሲፈታ ነው የያዘው።

ዘጠናው ቀን ሲሞላ አባትየው ልጁን ይዞ ይሄዳል። ተራቸው ሲደርስ መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ አድራሻውን ትጠይቃለች። አባትየው የቅያሱን ስም ሲናገር አይገባትም፤ ልጁ ይደግመዋል፣ ወዲያው ይገባታል። «ኖንግ፣ ታይኛህ እንዴት ያምራል» ትለዋለች ከልቧ ፈገግ ብላ። ልጁ እጆቹን ደረቱ ላይ ገጥሞ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል። እሷም የሚቀጥለው ቀጠሮ የተጻፈባቸውን ሁለት ቁራጭ ወረቀቶች ታወጣና አንዱን በአባትየው፣ አንዱን በልጁ ፓስፖርት ላይ በስቴፕለር ትመታለች።