የበሉበትን ወጪት ሰባሪ

በአገራችን የበላበትን ወጪት የሚሰብር ሰው ውለታ ቢስ ይባላል። በሩቅ ምሥራቅ ከተሞች ግን ስፍር ቍጥር የሌለው ሕዝብ በየምሳው የበላበትን እየጣለ ይሄዳል፤ የሚወቅሰውም ጥቂት ነው። ይህን የምንለው ቾፕስቲክ ስለሚባሉት ሁለት ቀጫጭን የመብል እንጨቶች ነው።

እነዚህ እንጨቶች በጥንቱ ሥርዐት የተናቁ አልነበሩም። በጃፓን ቤት አባትም እናትም ልጅም የየራሳቸው ጥንድ ይኖራቸዋል። እንጨቱን በሩዝ ላይ አቁሞ መትከል ነውር ነው፤ ለሙት የሚቀርበው ሩዝ እንዲህ ይደረጋልና። ምግብን ከእንጨት ወደ እንጨት ማቀባበልም ክልክል ነው፤ ሬሳው ከተቃጠለ በኋላ ዘመዶች ዐፅሙን የሚያነሡት በዚሁ አኳኋን ነውና። ታዲያ ይህን ያህል ክብር የነበረው ዕቃ ለአንድ ምሳ አገልግሎ መጣሉ ስለ ምን ከሥልጣኔ ይቈጠራል?

የዚህ ልማድ ጠበቆች፥ «ከትራፊ እንጨት የሚሠራ ነው» ይላሉ። በጃፓን በዮሺኖ አገር በርግጥ የመጠጥ በርሜል ከሚሠራበት እንጨት የተረፈው ቍርጥራጭ ለዚሁ ይውል ነበር፤ ይህንንም አስተዋይ ሰው አይነቅፈውም። ነገር ግን ፈላጊው ሲበዛ ትራፊው አልበቃምና ለመጣል ሲባል ዛፍ መቍረጥ መጣ። የቻይና መንግሥት በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በእነዚህ እንጨቶች ላይ 5 በመቶ ግብር ጣለ። ሆኖም በ2013 የጂሊን ክፍለ አገር የደን ድርጅት አለቃ ለአገሪቱ ሸንጎ ሲናገሩ፥ በዓመት 80 ቢልዮን ጥንድ እንደሚሠራና ለዚህም 20 ሚልዮን ዛፍ እንደሚወድቅ አስታወቁ።

ደግሞም፥ «ለንጽሕና ይበጃል» ይላሉ። ኮሪያውያን በብረት ቾፕስቲክ ይበላሉ፤ አጥበውም ለነገ ያኖሩታል። እኛም በእጃችን የምንበላ ሕዝብ እጃችንን እንታጠባለን እንጂ ቈርጠን አንጥልም።

በቅርብ ጊዜ ደግሞ ሌላ መከላከያ ተገኝቷል። ከ2016 ጀምሮ በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ አንድ ድርጅት የተጣሉትን እንጨቶች ከየምግብ ቤቱ እየሰበሰበ፥ በሙጫና በሙቀት አጣብቆ፥ ጠረጴዛና መደርደሪያ ይሠራባቸዋል። ብልኀቱን እናመሰግናለን። ነገር ግን «ጠረጴዛ ይሆናል» እያሉ ያለ ሐሳብ መጣል፥ ሐኪም አለ ብሎ በሽታን እንደ መጥራት ነው።

መድኀኒቱ ቅርብ ነው፤ በላተኛው የራሱን ጥንድ በኪሱ ይያዝ፥ ምግብ ቤቱም የሚታጠበውን ያቅርብ። በጃፓን ይህን የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፤ የሚጐድልባቸውም ነገር የለም።

አንባቢ ሆይ፥ ነገሩ የሩቅ አገር ነው ብለህ አትለፈው። በእኛም ድግስ የላስቲክ ማንኪያና ብርጭቆ ከገበታው እየተነሣ ወደ ጕድባ ይጣላል። ወጪት ሰባሪ ብለን የምንሰድበውን ሰው በሩቅ አገር ከመፈለጋችን በፊት የየራሳችንን ድግስ ማግሥት ግቢያችንን እንመልከት።