ሰነፉ ማን ነው?

የብሪታንያ ፖለቲከኞች ከምርጫ ማግስት የሚያወርዷት አንዲት ሙሾ አለች። ‹‹ሕዝቡ ለፖለቲካ ደንታ አጣ›› ትላለች። ጋዜጦቹ ይቀበሏታል፣ ምሁራኑ ያብራሯታል። አንዱ ወጣቱን ይወቅሳል፣ ሌላው ቴሌቪዥኑን፣ የዛሬዎቹ ደግሞ ሞባይሉን። ራሱን የሚወቅስ ፓርቲ ግን ከስንት አንድ ነው። እኔ በበኩሌ ይህን የስንፍና ወሬ አልቀበልም።

እስቲ ቁጥሩን እንየው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1950 ከመቶ መራጭ 84 ያህሉ ድምፁን ሰጥቷል። ቶኒ ብሌር የ18 ዓመቱን የኮንሰርቫቲቭ አገዛዝ ባበቁበት በ1997 ወደ 71 ወርዷል። በ2001 ደግሞ 59 ላይ አረፈ፤ በሊቨርፑል ሪቨርሳይድ የምርጫ ክልልማ 34 ብቻ! ከዚያ ጥቂት በጥቂት ቀና ሲል ቆይቶ በ2024 ተመልሶ ወደ 60 አካባቢ ወረደ።

‹‹ይኸው፣ አላልንም?›› ይላሉ። ታዲያ በ2014 ስኮትላንድ ትገንጠል ወይስ አትገንጠል ሲባል ከመቶ 85 ያህሉ ስኮትላንዳዊ እንዴት ወጣ? በ2016 ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ወይስ እንቆይ ሲባል ከ33 ሚሊዮን በላይ ሰው እንዴት ተሰለፈ? ውጤቱን መውደድና መጥላት ሌላ ጉዳይ ነው። ድምፁ ሚዛን እንደሚደፋ ያመነ ቀን ሰው ከቤቱ ይወጣል። የጎደለው የእግር ጉልበት ሳይሆን እምነት ነው። እምነቱን ማን በላው?

ብዙውን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ተማሪ ፊት ቆሜ ስለሆነ ምሳሌዬን ከዚያው ሠፈር ልውሰድ፤ የዩኒቨርሲቲ ክፍያን። ሌበር በ1998 በዓመት እስከ 1,000 ፓውንድ ማስከፈል ጀመረ። በ2001 ማኒፌስቶው ተጨማሪ ክፍያ እንደማያመጣ፣ እንዲያውም በሕግ እንደከለከለው ጻፈ። በጥር 2004 ያንኑ ተጨማሪ ክፍያ የሚፈቅደው ረቂቅ በአምስት ድምፅ ብልጫ አለፈና ከ2006 ጀምሮ ጣሪያው 3,000 ደረሰ። ቃላችሁስ ሲባሉ፣ ‹‹ቃሉ ለዚህ የፓርላማ ዘመን ነው፤ ክፍያው የሚጀምረው ከሚቀጥለው ምርጫ በኋላ ነው›› አሉ። ሰሙ ‹‹አናስከፍልም››፣ ወርቁ ‹‹እስክንመረጥ አናስከፍልም›› ኖሯል! ሰምና ወርቅ ለቅኔ ሲሆን ያምራል። ማኒፌስቶ ውስጥ ሲገባ ግን ስሙ ማጭበርበር ነው።

የተቆጣው ተማሪ ወደ ሊበራል ዴሞክራቶች ሄደ። በ2010 ዕጩዎቻቸው የትኛውንም ጭማሪ እንቃወማለን ብለው ፈረሙ። ከኮንሰርቫቲቭ ጋር ተጣምረው ሥልጣን በያዙ በወራት ውስጥ መሪዎቻቸው ጣሪያውን 9,000 ፓውንድ ያደረሰውን ውሳኔ ደገፉ። መሪያቸው ኒክ ክሌግ በ2012 ይቅርታ ጠየቁ፤ መራጩ ግን ከ57 ወንበር ወደ 8 አወረዳቸው። ኬር ስታርመርም በ2020 ለሌበር መሪነት ሲወዳደሩ ክፍያው እንዲቀር እንደሚደግፉ ቃል ገብተው ነበር፤ በ2023 ተዉት። መንግሥታቸው ደግሞ በ2025 ክፍያውን ወደ 9,535 ከፍ አደረገው። ሦስት ፓርቲ፣ አንድ ተማሪ፣ አንድ ዕዳ!

ለዓመታት ለተማሪዎቼ ስል የኖርኩት አንድ ነገር አለ። የልብወለድ ገጸ ባሕርይ ስለ ራሱ በሚናገረው አይለካም፤ ከምዕራፍ ምዕራፍ በሚሠራው እንጂ። የብሪታንያ መራጭ ይህን ያለ አስተማሪ ተምሮታል። ፓርቲዎቹ የሚፈልጉት የመጨረሻውን ገጽ ብቻ የሚያነብ መራጭ ነው።

የፊተኛውን ምዕራፍ የሚያነሱት ለሰበብ ሲሆን ብቻ ነው። በ2010 አንድ ተሰናባች የሌበር ሚኒስትር ገንዘብ የለም የሚል የቀልድ ማስታወሻ ለተተኪው ትቶ ወጣ። ኮንሰርቫቲቮች ያቺን ብጣሽ ወረቀት እስከ 2015 ምርጫ ድረስ እንደ ታቦት ይዘዋት ዞሩ። በ2024 ደግሞ ተራው የሌበር ሆነና ካዝናው 22 ቢሊዮን ፓውንድ ጎድሎ አገኘነው ብሎ የአረጋውያንን የክረምት ማሞቂያ ድጎማ ከ10 ሚሊዮን ያህል ሰው ላይ ቆረጠ። ማኒፌስቶው ላይ ነበረ? አልነበረም። ያለፈው መንግሥት ባይኖር ኖሮ እነዚህ ሰዎች ምን ይውጣቸው ነበር?

በዚህ ላይ የአቆጣጠሩ ጉድ አለ። በ2024 ሌበር ከተሰጠው ድምፅ ሲሶውን አግኝቶ ከ650 ወንበር 411ዱን ወሰደ፤ ከተመዘገበው መራጭ የመረጠው ከአምስት አንዱ ነው። ሪፎርም የተባለው ፓርቲ 14 ከመቶ አግኝቶ አምስት ወንበር ደረሰው። ፓርቲውን መጥላት ይቻላል፤ ሒሳቡን ግን ፍትሐዊ ነው ማለት አይቻልም። ‹‹በ2011 ሥርዓቱ ይቀየር ወይ ተብሎ ሕዝቡ እንቢ አላለም ወይ?›› የሚሉኝ አሉ። ብሏል። የቀረበለት አማራጭ ግን ወንበርን በድምፅ ልክ የሚያከፋፍል አልነበረም።

እስከዚህ ድረስ ከኩራፊው መራጭ ጋር ነኝ። ከዚህ በኋላ ግን እንለያያለን።

ለንደን 20 ዓመት የኖረና ፓስፖርታቸውን የያዘ አንድ የአገሬ ልጅ ‹‹ጋሼ፣ ይተዋቸው፤ ሁሉም አንድ ናቸው፤ እኔ መምረጥ ትቻለሁ›› አለኝ። አንድስ አይደሉም። በ1999 ሥራ ላይ የዋለውን ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ያመጣው ሌበር ነው፤ ያኔ የተቃወመው ኮንሰርቫቲቭ ነው። ሆቴል ለሚያጸዳውና ሌሊት ዘብ ለሚያድረው ስደተኛ፣ የእኛን ሰው ጨምሮ፣ ያ ልዩነት የዳቦ ልዩነት ነበር።

ደግሞም ይህን ልብ በሉልኝ። የአረጋውያኑ ድጎማ በተቆረጠ በዓመቱ ግድም፣ ሌበር በግንቦት 2025 የአካባቢ ምርጫ ክፉኛ ከተመታ በኋላ፣ በሰኔ ለአብዛኞቹ ተመለሰ። የተማሪው ክፍያስ? ጭራሽ ጨመረ እንጂ አልተመለሰም። በብሪታንያ አረጋዊው ካርዱን ይዞ ይወጣል፤ ወጣቱ በብዛት ይቀራል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና መንግሥት የሚደነግጠው ለማን እንደሆነ ፍረዱ።

ፓርቲዎቹ መራጩ ቀረብን ብለው ያልቅሱ እንጂ በሲሶ ድምፅ ሙሉ ሥልጣን የሚያስጨብጣቸው የቀሪው ዝምታ ነው። የሚፈሩት የተናደደውን ሳይሆን ተናዶ የሚመጣውን፣ ያለፈውን ምዕራፍ ሁሉ በቃሉ ይዞ የሚመጣውን ነው። ያኮረፈ ምሳው እራት ይሆነዋል ይላል ያገራችን ሰው። በምርጫ ግን ያኮረፈውን ሰው ምሳ ሌላው ይበላዋል፤ ሒሳቡ ለእሱ ይመጣል።