ጦርነት ያስቆማቸው አብራሪ፣ እኛ የምናስቆማቸው ልጆች

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ከጥቂት ሳምንታት በፊት ነው። ደብረ ታቦር ላይ ከዐስር ሶላት በኋላ ልጆቹን ቁርኣን እያስቀራን ሳለን ከሰማይ የሞተር ድምፅ ተሰማ። እነዚህን ዓመታት እዚህ ለኖረ ሰው ይህ ድምፅ ምን እንደሚያደርግ መንገር አያስፈልግም። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ጋይንትን አልፎ ጉና ሥር ደርሶ ነበር። ያ አለፈ ስንል ሌላ መጣ። ትንንሾቹ ዝም አሉ። አንዱ ሉሑን ጥሎ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ድምፁ ሲርቅ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣችና «ኡስታዝ፣ ይህን ሴት ልታበረው ትችላለች?» ብላ ጠየቀች። ወንዶቹ ሳቁ። እኛም፣ አላህ ይማረንና፣ ፈገግ ብለን «ወደ ሱራሽ ተመለሺ» አልናት።

ማታ ላይ ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሳን። መልሱ ነበረና። ከዘጠና ዓመት በፊት፣ በዚችው አገር፣ መልሱ ተሰጥቷል።

የመጀመሪያው አውሮፕላን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ገፈርሳ ላይ አረፈ። ፈረንሳይ ሠራሽ ፖቴዝ ነበር፤ ያመጡትም የውጭ ሰዎች ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢችፍና አስፋው ዓሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። ከእነሱ በኋላ ከገቡት ሠልጣኞች መካከል ደግሞ አንዲት ገና ለጋ ወጣት ነበረች፤ ሙሉእመቤት እምሩ። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ከተከፈተ ጥቂት ዓመት ብቻ ነበር። ሴት ልጅ ፊደል ቆጠረች ሲባል ሰው የሚደነቅበት ዘመን ነው። በዚያ ዘመን እኚህ ሴት አዲስ አበባ ላይ ማብረር መማር ጀመሩ። ዛሬ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት አብራሪ ተብለው የሚታወሱት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ጦርነት መጣ። በመስከረም 1928 ፋሺስት ጣልያን መረብን ተሻገረ። የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች ደርዘን ቢሞሉ ነው፤ ሥራቸውም መልእክትና ሰው ማመላለስ ነበር። የጣልያን አውሮፕላኖች ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። በህዳር ደሴ በቦምብ ተደበደበች። በራስ ካሣ ሥር ወደ ተምቤን በዘመተው ጦር ላይ ቦምብ ብቻ አልነበረም የወረደው፤ ሥጋ የሚልጥ የመርዝ ጋዝም ከሰማይ ተርከፈከፈበት። የእኛ የበጌምድር አያቶችም እዚያ ነበሩ። በሚያዝያ ደብረ ታቦርም ተያዘች፤ ከጣልያን እጅ የወጣችው በሰኔ 1933 ነው።

የሙሉእመቤት ስልጠናም በወረራው ተቋረጠ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋን ሴት ካፒቴን፣ አምሳለ ጓሉን፣ ያየው በጥቅምት 2003 ነው። በመካከሉ የበረሩ ሌሎች እህቶች ነበሩ። ቢሆንም ከወረራው እስከዚያ ቀን ቁጠሩ፤ 75 ዓመት። ጦርነት የገደለውን ሰው እንቆጥራለን። ያስቀረውን ትምህርት ግን ማንም አይቆጥርም።

«እሷ ክርስቲያን ናት፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ወንድማችን ሆይ፣ ያ ቦምብ ሃይማኖት አልጠየቀም። በዓለም ታሪክ ከአውሮፕላን የመጀመሪያው ቦምብ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1911 ሊቢያ ውስጥ፣ በሙስሊሞች አገር ላይ ነው፤ የጣለውም ጣልያን ነው። ሸይኽ ዑመር አል-ሙኽታርን እ.ኤ.አ. በ1931 የሰቀለውም እሱ ነው። ከዚያ እዚህ መጥቶ «የእስልምና ወዳጅ ነኝ» እያለ ጎረቤትን ከጎረቤት ሊለያይ ሞከረ። እንደ ዑመር ሰመተር ያሉ ሙስሊም ጀግኖች ግን ኦጋዴን ላይ ለኢትዮጵያ ተዋግተዋል። የሙሉእመቤት ጉዳት የእኛም ጉዳት ነበር።

ደግሞስ ከሙስሊም እህቶች የበረረ የለም ያለው ማነው? ግብፃዊቷ ሉጥፊያ አን-ናዲ ፈቃዷን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። አባቷ እንደማይፈቅዱ ስለምታውቅ ደብቃቸው ነበር የምትማረው፤ ለክፍያው በዚያው በበረራ ትምህርት ቤቱ በጸሐፊነት ትሠራ ነበር። በኋላ አባቷን አሳፍራ በካይሮ ሰማይ ላይ ስታበራቸው ቁጣቸው በረደ። ሞሮኳዊቷ ሱረያ ሻዊ ደግሞ በ15 ዓመቷ ፈቃድ ያዘች። አገሯ ከፈረንሳይ አገዛዝ ጋር በምትታገልበት ዘመን ነው። ንጉሡ ከስደት ሲመለሱ ከሰማይ የደስታ ወረቀት በተነች። ሞሮኮ ነጻነቷን ልታገኝ አንድ ቀን ሲቀረው፣ መጋቢት 1 ቀን 1956 እ.ኤ.አ.፣ ካዛብላንካ ላይ በጥይት ተገደለች። ገና 19 ዓመቷ ነበር። አላህ ይዘንላት።

አንድ ነገር ግን ሳንል አናልፍም። ቱርካዊቷ ሳቢሃ ጎክቼን በዓለም ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋጊ አብራሪዎች አንዷ ናት፤ ኢስታንቡል ውስጥ አየር ማረፊያ በስሟ ተሰይሟል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1937 በዚያው በአገሯ፣ በደርሲም ሕዝብ ላይ በተካሄደው ዘመቻ ቦምብ ከጣሉት አንዷ ነበረች። ስለዚህ መብረር ብቻውን ክብር አይደለም። ዒልም አማና ነው። ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖልን የምናውቅ የዚህ አገር ሰዎች፣ ዕውቀት ወደ ጦርነት ብቻ ሲነዳ መጨረሻው ምን እንደሆነ እናውቃለን። ልጆቻችን ሰማይን በፍርሃት ብቻ እያወቁት ነው። አላህ በሱረቱል ሙልክ ክንፋቸውን ዘርግተው የሚሰበስቡትን ወፎች እንድናስተውል ይጠቁመናል። እኛ የምንፈልገው ይህን ሰማይ በዚያ ዓይን የሚያዩ፣ በሽተኛና እህል የሚያደርሱበት ልጆች ናቸው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገርም ይኸው ነው።

አምና አንድ አባት መጥተው «ኡስታዝ፣ መንገዱ አይታመንም፤ ትምህርት ቤቱም አንዴ ይከፈታል አንዴ ይዘጋል። ልጅቷን ኒካሕ ብናስርላት ይሻላል» አሉን። ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ ከምናስቀራቸውም ጎበዟ እሷ ነበረች። የተናገሩት ስለ መንገዱ እውነት ነው። እኛም ዝም አልን። በኒካሑ ቀን ዱዓ አድርገን፣ ሥጋ በልተን ተመለስን። ልጅቷን ማንም አልጠየቃትም፤ እኛም አልጠየቅናትም። ሸሪዓው የልጅቷን ፈቃድ እንደሚጠይቅ ግን ለሌላው የምናስተምረው እኛው ነን። የአገሩ ሕግም 18 ዓመት ይላል። ያ ዝምታችን እስከ ዛሬ ያሳፍረናል። ሙሉእመቤትን ያስቆማቸው የጠላት ጦር ነበር። ያችን ልጅ ያስቆምናት ግን ጦርነቱን ሰበብ አድርገን እኛ ነን።

የአባቶችን ሥጋት አንንቅም። የመንገዱም፣ የመሕረሙም፣ የኪሱም ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ጥያቄ መልስ ይፈለግለታል እንጂ ልጅ አይሠዋለትም። ዒልም መፈለግ በሙስሊም ላይ ግዴታ ነው ሲባል ወንድ ሴት አልተለየም። እመት ሐፍሳን ጽሑፍ ያስተማረችው አሽ-ሺፋእ ሴት ናት። በጦርነት ቁስለኛ ታክም የነበረችው ሩፈይዳም ሴት ናት። እነሱ የኖሩት ከእኛ በባሰ ጦርነት ውስጥ ነበር።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከአቅማችን በላይ አንመኝ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የመስጂዳችን የመድረሳ ክፍል ከዙሁር እስከ ዐስር ባዶ ነው፤ ሒሳብና ሳይንስ የሚያስተምሩ እህቶችና ወንድሞች በሰፈሩ አሉ። ከገጠር መጥተው ለሚማሩ ሴት ልጆች አንድ ቤት ተከራይተን አንዲት የታመነች እናት አብራቸው ብናሳድር የመሕረሙም የመንገዱም ሥጋት ይቀላል። ከሰደቃው ለደብተርና ለዩኒፎርም የሚሆን እንመድብ። ኒካሕ ልታስሩ የምንጠራም ሁሉ መጀመሪያ «ልጅቷ ምን አለች? ስንት ዓመቷ ነው?» ብለን እንጠይቅ። ካልተመለሰልን አንቀመጥ። ይህን ከራሳችን ጀምረናል፤ ኢንሻአላህ እንጸናበታለን።

የሰባተኛ ክፍሏን ልጅ በማግሥቱ ጠርተን «ትችላለች፤ ከአንቺ በፊት የቻሉ አሉ» አልናት። ታሪኩን ለሁሉም ነገርናቸው። በዚህ ጊዜ ወንዶቹ አልሳቁም። እሷ ግን ሌላ ጥያቄ አመጣች፦ «ኡስታዝ፣ እስከ ስንተኛ ክፍል መማር ያስፈልጋል?»

ይህንን መመለስ ያለበት እኛ ብቻ አይደለንም። አባቷም፣ መስጂዱም፣ ሰፈሩም ነው።

አላህ አገራችንን ሰላም ያድርግልን። የልጆቻችንን ልብ ከሰማይ ድምፅ ፍርሃት ያሳርፍልን። ዒልምን ለመጥቀሚያ እንጂ ለማጥፊያ ከማያውሉት ያድርጋቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም።